ሥር

አርባ ሦስት ማመልከቻ፣ ገንዘቡ ለአራት፤
ስድስት ሰው፣ አንድ ጠረጴዛ፣ ሦስት ሰዓት።

እኔ የሰሜን ሰው ነኝ፣ ጡረታ የወጣሁ ነርስ፤
ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ሐይቅ ላይ በሚያርፍ አውሮፕላን ስመላለስ፣
ክትባት በብብቴ ይዤ፣ ውርጭ እንዳያገኘው እስክደርስ።
ዛሬ መርፌ የለኝም፤ በእጄ ያለው እርሳስ።

ዩኒቨርሲቲው የነባር ሕዝቦችን ልጆች አቅፎ
የጤና ክፍል ከፍቷል፤ ስሙን በእኛው በክሪ ቋንቋ ጽፎ፣
ነሐስ ላይ አስቀርጾ፣ በሩ ላይ ለጥፎ።
አልጠላሁትም ስሙን። ግን ስም ኪራይ አይከፍል፤
ስም ጫማ አይሆን በጥር፣ ውርጩ ከዜሮ በታች አርባ ሲል።
ኪራዩን የሚከፍለው ይህ ገንዘብ ነው፤ ግማሹን
የሐይቃችን ሴቶች በቢንጎ ምሽት ለቀሙት፣ ሳንቲም ሳንቲሙን።

አንዱ ቅጽ ከሌሎቹ ቀጠን ያለ ነበር።
ቻንቴል ኦኬማው። ዕድሜ፦ ሃያ ሁለት።
የጎደለ ሰነድ፦ ሁለት።
ትምህርት ያቋረጠችበት ጊዜ፦ ከጥቅምት እስከ የካቲት።
ምክንያት?
ቅጹ የሰጣት ቦታ አንዲት መስመር ናት።
እሷም በዚያች መስመር፣ በደቃቅ ፊደላት፦

«አክስቴን ኤልሚራን ኩላሊቷ ከተማ አስገባት።
ከሐይቃችን መንገድ የለም፤ ማሽኑም የለም፤ በሳምንት ሦስት ቀን ማሽን ላይ ናት።
ሰባተኛ ፎቅ ላይ፣ ዓሣ በማይሸትበት ቤት፣
ቋንቋዋን የሚሰማ እኔ ብቻ ነበርሁላት።
ክፍል ቀረሁ። ሞተች። ተመልሼ መጣሁ።
ስለ ጽሑፌ ማነስ ይቅርታ።»

ዶክተር ሬምፔል ደግ ሰው ነው፤ መነጽሩን አወለቀ።
«ያሳዝናል» አለ፣ «ግን ሰነዱ አልተሟላ፤ ቀኑም አለቀ»።

ዝም አልሁ ትንሽ።
በእኛ ዘንድ ዝምታም ተራውን ጠብቆ ይናገራል፤
እነሱ ግን ሰዓታቸውን አዩ።

አባቴ ረግረግ ውስጥ እስከ ጉልበቱ ገብቶ
ሥር ይነቅል ነበር፣ ለሳል የሚታኘክ፣ መራራ፣
አስቀድሞ ለምድሪቱ ትንሽ ትምባሆ ሰጥቶ።
«ሁሉንም አትንቀዪ» ይለኛል፣ «ለከርሞ ተዪለት።
በዓይንሽ አትፈልጊው፤ ጭቃው ውስጥ ዓይን ምን ያደርግልሻል?
በጣትሽ ዳብሺው፤ ራሱ ይነግርሻል።»
ኋላ በዚሁ ግቢ መምህሬ ሰሌዳው ላይ
የክንድን የደም ሥር ስትስል፣ ሰማያዊውን ከቀዩ ስትለይ፣
ክፍሉ ሁሉ ሲጽፍ እኔ ብቻዬን ሣቅሁ፤
የአባቴን ረግረግ አይቼ፣ ከነቅርንጫፉ፣ ከነጭቃው አወቅሁ።

እናም ተናገርሁ፦
«ይህች ልጅ ትምህርት አላቋረጠችም።
አምስት ወር የተማረችው አልጋ ሥር ነው።
እብጠት በጣት ተጭና ለክታለች፤ ውኃ በማንኪያ ቆጥራ ሰጥታለች፤
ሐኪሙ የተናገረውን ለአክስቷ፣ አክስቷ ያልተናገረችውን ለሐኪሙ ተርጉማለች።
በቋንቋችን ነርስ ማለት የመድኃኒት ሴት ናት፤
የጎደለው ሰነድ ይኸው፤ ማኅተም ብቻ የለበት።»

«ማን ይፈርምበታል?» አለ ሬምፔል፣ በፌዝ አይደለም፣ የምሩን።
እርሳሱን አስቀምጬ ለመንሁት እስክሪብቶውን።

ሦስት ለሦስት ሆነ።
ለሰኞ ተቀጠረ።

ስወጣ የነሐሱ ጽሑፍ ላይ የጣት አሻራ ነበር፤ በእጅጌዬ ጠረግሁት።
በመጨረሻው በር፣ በመስተዋቱ በኩል፣ መብራቱ ያልጠፋ ቤተ ሙከራ አየሁት።
አንዲት ልጅ ብቻዋን፣ ኮቷን ሳታወልቅ፣
የጎማ ክንድ ፊቷ አስቀምጣ፣ መርፌ ይዛ።
ቻንቴል ትሁን ሌላ፣ አላውቅም፤ ፎቶ የለውም ቅጹ።
ሁለቴ ሳተች። ማለች መሰለኝ፣ ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ።
ከዚያ ዓይኗን ጨፈነች፣
በጣቷ ቀስ ብላ ዳበሰች።